የልደት ድግስና የጎደለው መደርደሪያ
በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር



የዛሬው ርእሴ አንዳንዶቻችሁን ፈገግ ሳያሰኛችሁ አይቀርም። ስለ መዛግብት አጠባበቅ እንድናገር ተጋብዤ ሳለ፣ ስለ አንድ የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ፣ ያውም በጊዜና በጠፈር ውስጥ ስለሚዞር ሰው ስለሚተርክ ሳይንሳዊ ልብ ወለድ ላወራችሁ ነውና። ይሁን እንጂ የዚህ ድራማ አፍቃሪዎች በየልደቱ በዓል የሚያነሡት ክርክር የእኛን ሥራ በቀጥታ የሚመለከት ሆኖ ስላገኘሁት ትዕግሥታችሁን እለምናለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዶክተር ሁ የተባለው ይህ ድራማ በቢቢሲ መታየት የጀመረው ኖቬምበር 23 ቀን 1963 ነው። ዕለቱ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ በተገደሉ ማግሥት ስለ ነበረ፣ የሕዝቡ ልብና ጆሮ ከሌላ ዘንድ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት የመጀመሪያው ክፍል እንደገና ታይቶ ሁለተኛው ተከተለ። የሐሳቡ ዋና አመንጪ ካናዳዊው ሲድኒ ኒውማን፣ አዘጋጇ ቬሪቲ ላምበርት፣ የመጀመሪያው ታሪክ ዳይሬክተር ደግሞ ሕንድ የተወለደው ዋሪስ ሁሴን ነበሩ። ዶክተሩን ሆኖ የተጫወተው ዊልያም ሃርትኔል በ1966 ጤናው ሲታወክ፣ አዘጋጆቹ ድራማውን በማቆም ፈንታ አንድ ብልሃት ፈጠሩ። ዶክተሩ ሲደክም አካሉ ይለወጣል፤ መልኩም ጠባዩም ሌላ ይሆናል፤ ሰውየው ግን ያው ነው። በዚህ ዘዴ ፓትሪክ ትራውተን ቦታውን ተረከበ፤ ከእርሱም በኋላ ሌሎች ተከታተሉ።

የልደቱ ክርክር ሥር እዚህ ላይ ነው። ባለ ልደቱ አንድ ሲሆን ፊቱ ብዙ ነው። እንግዲህ ድግሱ ሲደገስ የትኛው ፊት ይጠራ? የትኛውስ ይቅር? ድግስ ደግሶ አንድም ዘመድ ያልተቀየመው ሰው ካለ፣ የእነዚህን አዘጋጆች ጭንቀት ላይረዳው ይችላል።

የአሥረኛው ዓመት መታሰቢያ የሚባለው ሦስት ዶክተሮችን ያገናኘው ታሪክ መታየት የጀመረው ዲሴምበር 30 ቀን 1972 ነው፤ ከልደቱ ዕለት አሥራ አንድ ወር ያህል ቀድሞ። ይህ በእውነት የልደት ዝግጅት ነውን ወይስ የአሥረኛው የሥርጭት ወቅት መክፈቻ ብቻ? በዚህ ላይ ብዙ ቀለም ፈስሷል። ሃርትኔል በጠና ታሞ ስለ ነበር ከባልደረቦቹ ጋር አልቆመም፤ በአንድ መስኮት መሰል ማያ ላይ ብቻ ብቅ እያለ ተናገረ። በ1975 አረፈ።

በ1983 የሃያኛው ዓመት በዓል ሲመጣ አምስቱን ዶክተሮች ለመሰብሰብ ታሰበ። ከአምስቱ አንዱ ሞቷል፤ ሌላው፣ ቶም ቤከር፣ ግብዣውን አልተቀበለም። ለሟቹ ሪቻርድ ኸርንዶል የተባለ ተዋናይ ተተካ፤ ከዚያ በፊት ግን፣ በታሪኩ መግቢያ ላይ፣ ሃርትኔል ራሱ ከ1964 ሥራው በተወሰደ አጭር ቁራጭ ታየ። ለቤከር ደግሞ በ1979 በሥራ ማቆም አድማ ምክንያት ተጀምሮ የቀረ፣ ለሕዝብ ያልታየ ድራማ ነበረና፣ ከዚያ ጥቂት ትዕይንት ተቆርጦ ገባ። ባልደረቦቼ ሆይ፣ ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሟቹም እንቢተኛውም ወደ ድግሱ የመጡት ከመደርደሪያ ላይ ነው። ያላለቀ ሥራ ምን ይጠቅማል ብሎ የጣለ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ በዚያ ድግስ አንድ ወንበር ባዶ በሆነ ነበር።

እስቲ ወደ 1973 ልመልሳችሁ፤ ከዚህ ሁሉ ታሪክ እኔን ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ እርሱ ነውና። በዚያ ዓመት ብሉ ፒተር የተባለው የቢቢሲ የልጆች ዝግጅት ስለ ዶክተር ሁ አሥረኛ ዓመት ሲያወሳ ከድሮ ክፍሎች ቁራጮችን አሳየ። ሃርትኔል ወደ ትራውተን የሚለወጥበት የ1966 ክፍል በኋላ ጠፍቷል፤ ያቺ የለውጥ ቅጽበት ግን ብሉ ፒተር ስላሳያት ብቻ ተረፈች። በዚያው ዓመት ግን ለዚያው ዝግጅት በውሰት የተሰጠ ሌላ ክፍል፣ ዳሌክ የተባሉት ጠላቶች ከሚገኙበት ረጅም ታሪክ አራተኛው፣ ወደ ቦታው አልተመለሰም። አንድ የልደት ዝግጅት አንዱን ሲያድን ሌላውን አጠፋ። የውሰት መዝገብ ይዞ የሚያውቅ ማንም ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ሳይባባ አይቀርም።

ለመሆኑ ክፍሎቹ እንዴት ጠፉ? ክፋት አልነበረበትም። የቪዲዮ ቴፕ ውድ ስለ ነበረ እየተደመሰሰ ለሌላ ሥራ ይውል ነበር። ከተዋንያን ማኅበር ጋር በነበረው ስምምነት አንድን ድራማ እንደ ልብ ደጋግሞ ማሳየት አይቻልም ነበር፤ ስለዚህ የቆየ ጥቁርና ነጭ ሥራ ጥቅም የሌለው ዕቃ ተቆጠረ። ለውጭ አገር ጣቢያዎች የሚሸጡት የ16 ሚሊሜትር ፊልም ቅጂዎችም የሽያጩ ውል ሲያበቃ ይመለሱ፣ ወደ ሌላ ጣቢያ ይተላለፉ ወይም ይቃጠሉ ነበር። ቴፑን የሚይዘው ክፍል ፊልሙ አለ ብሎ ያስባል፤ ፊልሙን የሚሸጠው ክፍል ቴፑ አለ ብሎ ያስባል፤ ሁለቱን አስተያይቶ የሚመዘግብ ግን ማንም አልነበረም። ይህ ሁኔታ ለማናችንም እንግዳ አይደለም። በ1978 ግድም ማጥፋቱ ሲቆም፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ወቅቶች ከታዩት 253 ክፍሎች ብዙዎቹ ሄደዋል።

ድራማው በ1989 ተቋረጠ። የሠላሳኛው ዓመት መታሰቢያ በ1993 ለሕፃናት በጎ አድራጎት በተዘጋጀ አጭር ትርኢት አለፈ፤ ታሪኩ ከሌላ የቢቢሲ ድራማ ጋር ተደባልቆ የቀረበ ሲሆን፣ አፍቃሪዎቹ እስከ ዛሬ ሲያነሡት ፊታቸውን ያጠቁራሉ። እኔም ከዚህ በላይ አላነሣውም።

ድራማው በ2005 እንደገና ጀምሮ የወርቅ ኢዮቤልዩው ሲደርስ ግን፣ ኖቬምበር 23 ቀን 2013፣ የልደቱ ልዩ ክፍል በ94 አገሮች በአንድ ጊዜ ተላለፈ፤ በሲኒማ ቤቶችም ታየ። ማት ስሚዝና ዴቪድ ቴናንት ተገናኙ፤ ክሪስቶፈር ኤክልስተን አልመጣም ስላለ ጆን ኸርት የተጫወተው አዲስ ዶክተር ተፈጠረ፤ ሽማግሌው ቶም ቤከርም በመጨረሻ ላይ ብቅ ብሎ ብዙዎችን አስለቀሰ። ከ1980ዎቹ ዶክተሮች መካከል ግን ፒተር ዴቪሰን፣ ኮሊን ቤከርና ሲልቬስተር መኮይ በአዲስ ትወና አልተካፈሉም። ዴቪሰን ቅሬታውን ወደ ሣቅ ለውጦ፣ ሦስቱ ወደ ድግሱ ሾልከው ለመግባት ሲታገሉ የሚያሳይ አስቂኝ ፊልም ራሱ ሠራ። አፍቃሪዎቹም በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን ልደት የነበሩትን ሁሉ መሰብሰብ ነው ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ ድራማው የኖረው ፊቱን በመለወጥ ስለ ሆነ፣ ያረጁ ፊቶችን ማሰለፍ ለአዲሱ ተመልካች ባዕድ ነው፤ ልደቱ በአዲስ ታሪክ ይከበር ይላል።

በበኩሌ ሁለቱም ወገኖች የዚያን ዓመት ትልቁን ስጦታ ከተገቢው በታች የገመቱት ይመስለኛል። በኦክቶበር 2013፣ ከልደቱ ስድስት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ፣ ፊሊፕ ሞሪስ የተባለ አሳሽ በናይጄሪያ በጆስ ከተማ ከአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ያገኛቸው 9 የጠፉ ክፍሎች መመለሳቸው ተገለጸ። የጠፉት ቁጥር ከ106 ወደ 97 ወረደ። የትራውተን ዘመን አንድ ሙሉ ታሪክ፣ ስድስቱም ክፍሎች፣ ከ1967ና ከ1968 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሟላ። ትራውተን በ1987 አርፏልና የሚጋበዝ አልነበረም፤ ሆኖም ከተገኙት ሁሉ ይልቅ በዚያ ልደት አዲስ ሥራ ይዞ የመጣው እርሱ ነው። ያዳኑት ጥቅሎች፣ በውሉ መሠረት መጥፋት ወይም መመለስ ሲገባቸው ማንም ሳይነካቸው መደርደሪያ ላይ የቀሩ ነበሩ። (ቸልተኝነት አንዳንድ ጊዜ ከትጋት የተሻለ መዝገብ ያዥ መሆኑን ለአለቆቻችን ባንነግራቸው ይሻላል።)

የአልማዙ ኢዮቤልዩ፣ የ2023ቱ፣ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየን። ቢቢሲ በኖቬምበር 1 ቀን ከ800 የሚበልጡ ክፍሎችን በአንድ ቦታ ሰብስቦ በኢንተርኔት ለአገሩ ተመልካች ከፈተ። ከዚህ የበለጠ የልደት ስጦታ ሊታሰብ አይችልም ነበር። ግን የመጀመሪያው ታሪክ፣ ያ በ1963 የተወለደው፣ አልነበረበትም። ጠፍቶ አይደለም፤ አራቱም ክፍሎች በመልካም ሁኔታ አሉ። የደራሲው የአንቶኒ ኮበርን ወራሽ ስለ መብቱ ስላልተስማሙ ነው። ድግሱ ተደግሶ የልደቱ ዕለት ራሱ ከበር ቀረ። የጠፋ ሰነድና የተቆለፈ ሰነድ ለአንባቢው አንድ ናቸው፤ ለእኛ ግን አንድ አይደሉም። የተቆለፈው ቁልፍ አለው፤ ወራሹም በሕግ ያገኙትን መብት ስለያዙ የሚወቀሱበት ምክንያት አይታየኝም።

በዚያው ወር የ1963ቱ ሁለተኛ ታሪክ ቀለም ተቀብቶ፣ ሰባቱ ክፍሎች ወደ 75 ደቂቃ አጥረው ታዩ። አንዳንድ አፍቃሪዎች ይህን እንደ ድፍረት ቆጠሩት። እኔ ግን ጥቁርና ነጩ ዋናው ቅጂ በቦታው እስካለ ድረስ ቀለሙ አያስቀይመኝም፤ የሚያስቀይመኝ ቅጂው ዋናውን ሲተካ ነው።

በጆስ ከተገኙት ሁለት ታሪኮች አንዱ ዛሬም ስለ ሦስተኛው ክፍሉ ያከራክራል። ከስድስቱ ክፍሎች አንዱ ቀድሞም ነበረ፤ አራቱ ከናይጄሪያ መጡ፤ ሦስተኛው ግን አብሯቸው አልተመለሰም። በ2013 ታሪኩ ለሽያጭ ሲወጣ በጎደለው ክፍል ቦታ በሥርጭቱ ጊዜ ከቴሌቪዥን ማያ ላይ የተነሡ ፎቶግራፎች ተደረደሩ፤ በ2021 ደግሞ ክፍሉ በሥዕል ተሠርቶ ወጣ፤ ይህ መጠገን ነው ወይስ መፈልሰፍ የሚለው ክርክርም ያኔ ተነሣ። በሁለቱም ጊዜ ከሥሩ የሚሰማው ድምፅ ግን አንድ ነው። በ1968 አንድ ተመልካች በቤቱ፣ ቴፕ መቅረጫውን ከቴሌቪዥኑ አጠገብ አድርጎ፣ ለራሱ ብሎ የቀዳው ነው።