እግዚአብሔር ዘንድ ስሙ ያልታወቀ የለም

(በሬዲዮ ከተላለፈ ስብከት የተዘጋጀ)
የንባብ ክፍል፦ ኢሳይያስ 49፥14-16፤ ሉቃስ 10፥17-20



ለአገልግሎት ወደ ዚምባብዌ ሄጄ ሳለ፣ የተቀበሉን ወንድሞች ከዋና ከተማዋ ከሐራሬ ወጣ ብሎ ወዳለ አንድ ኮረብታ ወሰዱን። ብሔራዊ የጀግኖች መካነ መቃብር ነው። የዚያች አገር ሕዝብ በነጮች አገዛዝ ዘመን ከለም መሬቱ ተገፍቶ፣ በገዛ አገሩ እንደ ባዕድ ይኖር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ነፃነት የመጣው ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። ኮረብታው የዚያ መታሰቢያ ነው።

ሽቅብ ስትወጡ በጥቁር ድንጋይ የተሠሩ መቃብሮች በእርከን በእርከን ተደርድረዋል። ከላይ ጫፉ ላይ 40 ሜትር የሚሆን ግንብ ቆሟል፤ አናቱ ላይ የነፃነት ችቦ አለ። እያንዳንዱ መቃብር የባለቤቱ ስም አለው። አንዱ ግን ስም የለውም። በላዩ ሦስት ታጋዮች በነሐስ ቆመዋል፤ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት።

“ይህስ የማን ነው?” ብዬ ጠየቅሁ።

“የማይታወቀው ወታደር ነው” አለኝ አንዱ ወንድም። “በየጫካው ወድቀው የቀሩ፣ አስከሬናቸው ያልተገኘ ብዙ ናቸው። የእነርሱ ሁሉ መታሰቢያ ይህ ነው።”

ወገኖቼ፣ እዚያ ቆሜ እናቴ ትዝ አለችኝ። ታላቅ ወንድሜ በደርግ ጊዜ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። መርዶም አልመጣ። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ድንኳን አይተከልም፤ ለቅሶ አይደረስም። እናቴ ማታ ማታ ኮቴ በሰማች ቁጥር ቀና ትል ነበር። ጎረቤት “በቃ፣ እርምሽን አውጪ” ሲላት፣ “ልጄ መቃብር የለው፤ የት ሄጄ ላልቅስ?” ትል ነበር።

ዛሬም በአገራችን እንዲህ በር በሩን የምታይ እናት ስንት አለች! ምናልባት አንቺ ይህን የምታነቢው እናቴ፣ አንቺው ነሽ።

ጽዮንም “ጌታ ረሳኝ” ብላ ነበር። እግዚአብሔር ምን አላት? እናት የወለደችውን ብትረሳ እንኳ እርሱ እንደማይረሳት፣ በእጁ መዳፍ ላይ እንደ ቀረጻት ነገራት። መንግሥት መዝገቡ ሊጠፋበት ይችላል። ጓደኛ የወደቀበትን ቦታ ላያስታውስ ይችላል። እግዚአብሔር ዘንድ ግን የማይታወቅ ወታደር የለም።

ደግሞ እንዳንሳሳት። ለአገር መሞት ክብር ነው፤ ነፍስን ግን አያድንም። የጀግኖች ደም ከባዕድ ቀንበር ያወጣል፤ ከኃጢአት ባርነት አያወጣም። ከዚያ የሚያወጣው የአንዱ ደም ብቻ ነው፤ የእርሱ መቃብር ደግሞ ባዶ ነው! በዚያ ኮረብታ ማን እንደሚቀበር የሚወስኑት ሰዎች ናቸው። በሕይወት መጽሐፍ ግን ስም የሚጻፈው በሰው ውሳኔ ሳይሆን በበጉ ደም ነው። ደቀ መዛሙርቱ አጋንንት ስለ ተገዙላቸው ሲደሰቱ፣ ጌታ ስማቸው በሰማይ ስለ ተጻፈ ደስ እንዲላቸው የነገራቸው ለዚህ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ የአንተስ ስም?

ታላቅ ወንድሜ በመጨረሻዋ ሰዓት ማንን እንደ ጠራ አላውቅም። ያንን ለሚያውቀው ለጌታ ትቼዋለሁ። እናቴም ጌታን ካገኘች በኋላ፣ ስትጸልይ የልጇን ስም ጠርታ “አንተ ታውቀዋለህ” ትል ነበር። በር በሩን ማየቷን ግን አልተወችም። እንዲሁ እንደጠበቀች ዐረፈች።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። ልጇ ያልተመለሰላት ጎረቤት ካለቻችሁ ሂዱ። “ይመጣል፣ አይዞሽ” ብላችሁ የማታውቁትን ተስፋ አትስጧት። “እርምሽን አውጪ”ም አትበሏት። ቡናዋን ጠጡ፤ ልጇን በስሙ አንሱላት፤ አብራችሁም ጸልዩ።

ጸሎት፦ አባት ሆይ፣ እኛ ያጣናቸውን አንተ ታውቃለህ። በር በሩን የምታየውን እናት አጽናናት። የእኔንም ኃጢአት በልጅህ ደም አንጻልኝ፤ ስሜንም በሕይወት መጽሐፍ ጻፍልኝ። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።