ተራራን የሚያያይዘው በረዶ



ተራራ የማይነቃነቅ ነው እያልን አድገናል። ዳሩ ግን በአልፕስና በሂማላያ ከፍተኛ ቦታዎች፥ በዓለቱ ስንጥቅ ውስጥ ክረምት ከበጋ የማይቀልጥ በረዶ ይገኛል፤ ዓለቱንም እንደ ግንብ ኖራ አያይዞ ይዞታል። አየሩ ሲሞቅ ይህ ኖራ ይላላል፤ ውሃ ወደ ስንጥቁ ሰርጎ ዓለቱን ይገፋል፤ ናዳም ይወርዳል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021 በህንድ አገር በቻሞሊ ዓለትና በረዶ ተንዶ፥ ጎርፍ ሆኖ ሸለቆውን ጠረገው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ ወይም ጠፉ፤ ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ ግድብ ሠራተኞች ነበሩ። አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም።

ሜይ 28 ቀን 2025 ደግሞ በስዊስ አገር የብላተን መንደር አብዛኛው ክፍል በናዳ ተቀበረ፤ ለዚህም የዓለቱ በረዶ መላላት ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም። ነገር ግን ባለሙያዎች ተራራውን በመሣሪያ ይከታተሉት ስለ ነበር፥ 300 ያህሉ ነዋሪዎች ከ9 ቀን በፊት መንደሩን ለቀው ነበር፤ የሞተው አንድ ሰው ነው።

ተራራ ባለጸጋና ድኻ አይለይም። በብላተን ሰውን ያዳነው በጊዜ የደረሰ ማስጠንቀቂያ ነው። እኛስ የምንማረው ሙታንን ለመቁጠር ነው፥ ወይስ ሕያዋንን ቀድመን ለመጥራት? ለባለጸጋው መንደር የደረሰ ዕውቀት ለድኻው ካልደረሰ፥ ተምረናል ስንል ልናፍር ይገባናል።