ለወገባችን ጊዜ እንስጥ

የሥራ ባልደረቦቼ፣

አብዛኞቻችን ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ነን። ከወንበር ስንነሳ ወገባችንን ይዘን ነው። ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ 619 ሚሊዮን ሰዎች የወገብ ሕመም ነበረባቸው።

አከርካሪያችንን ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ናቸው። ከፊትና ከጎን የሆድ፣ ከኋላ የጀርባ፣ ከላይ ድያፍራም፣ ከታች የዳሌ ወለል ጡንቻዎች እንደ መቀነት ዙሪያውን ያጠብቁታል። መቀነቱ ሲላላ ሸክሙ አከርካሪ ላይ ይበዛል። መቀመጥ ሲበዛ እነዚህ ጡንቻዎች ይሰንፋሉ፤ የዳሌና የጭን ጡንቻዎችም ይኮማተራሉ። ስለዚህ ማጠንከርም ማፍታታትም ያስፈልገናል።

ለዚህ አንድ ምንጣፍ ይበቃል። በስሙ የሚጠራውን የአካል እንቅስቃሴ ዘዴ የፈጠረው ጀርመናዊው ጆሴፍ ፒላቴስ በልጅነቱ ሕመም የማይለየው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው መጽሐፉ ምንጣፍ ላይ የሚሠሩ 34 እንቅስቃሴዎችን አስቀምጧል። እኛ ግን በሦስት ቀላል እንቅስቃሴዎች እንጀምር።

አንደኛ፣ በጀርባ ተኝታችሁ ጉልበታችሁን እጠፉ፤ ትንፋሽ እያወጣችሁ ዳሌያችሁን ቀስ ብላችሁ አንሡ፣ መልሱ። ሁለተኛ፣ በእጅና በጉልበታችሁ ቁሙና ቀኝ እጃችሁንና ግራ እግራችሁን አንድ ላይ ዘርጉ፤ ከዚያ አፈራርቁ። ወገባችሁ እንዳይሰረጉድ ተጠንቀቁ። ሦስተኛ፣ እግራችሁን ዘርግታችሁ ተቀመጡና ጀርባችሁን ሳታጎብጡ ወደ ፊት አጎንብሱ፤ ጡንቻው ሲሳብ ሲሰማችሁ ከ10 እስከ 30 ሰከንድ ቆዩ። አትወዛወዙ፤ ትንፋሻችሁንም አትያዙ።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር፤ እነዚህ እንቅስቃሴዎች ብቻቸውን ቦርጭ አያጠፉም። ጥቅማቸው ቀጥ ብሎ ለመቀመጥ፣ ዕቃ ለማንሣት፣ ሚዛን ለመጠበቅ ነው። ጥቅሙም የሚገኘው በጥድፊያ ወይም በብዛት ሳይሆን በዝግታና በትክክል በመሥራት ነው።

ሕመሙ ወደ እግራችሁ የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዛችሁ ከሆነ፣ ነፍሰ ጡር ከሆናችሁ፣ በቅርቡም ከወለዳችሁ ወይም ቀዶ ሕክምና ካደረጋችሁ አስቀድማችሁ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት አማክሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን እንዲሠሩ ይመክራል። አስተዳደሩ ይህን አዳራሽ በሳምንት ሁለት ቀን በምሳ ሰዓት ይፍቀድልን፤ እኛም ምንጣፋችንን ይዘን እንምጣ።