ስለ ዱባ ዝንብና ስለ ሽታ ወጥመድ
(ለደብረ ማርቆስና ለአካባቢው ገበሬዎች የተሰጠ ንግግር)



ከላይ ሲያዩት ያማረ ዱባ ሲቆርጡት ትል ሞልቶበትና በስብሶ ያላገኘ ባለ ጓሮ ከመካከላችሁ ያለ አይመስለኝም። ዝኩኒና ኪያርም እንዲሁ ይበላሻሉ። ይህን ጥፋት የምታደርሰው ዝንብ ናት። ሴቷ ለጋውን ፍሬ ወግታ እንቁላሏን ከልጣጩ ሥር ትጥላለች። ትሉ ውስጡን በልቶ ካደገ በኋላ ወደ አፈር ይገባል፤ ከዚያም ዝንብ ሆኖ ይወጣል። በፍሬው ውስጥ የተሸሸገውን ትል ከላይ የሚረጭ መድኃኒት አያገኘውም፤ ይልቁንም ንቦቻችንን ይፈጃል። ንብ ከሌለች ደግሞ የዱባ አበባ ፍሬ አይቋጥርም፤ ማሩም ይቀራል።

ስለዚህ ብዙዎች የሽታ ወጥመድ ይጠይቁናል። ወጥመዱ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ነው፤ በውስጡ ሳቢ መድኃኒትና መርዝ የነካው ጥጥ ይንጠለጠላል። ሜቲል ዩጂኖል የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ኬንያ ውስጥ ታይቶ በኋላ ወደ አገራችን የገባውን የእስያ የፍራፍሬ ዝንብ ይስባል። ኪው ሉር የሚባለው ትልቁን የዱባ ዝንብ ይስባል።

ነገር ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ እነዚህ ሽታዎች የሚስቡት ወንዱን ነው። ወጥመዱ ቢሞላም እንቁላል የምትጥለው ሴት ከማሳው አልጠፋችም። ሁለተኛ፣ በውጭ አገር «የኢትዮጵያ የፍራፍሬ ዝንብ» የሚል ስም የተሰጠው ትንሹ የዱባ ዝንብ ወደ ሁለቱም ሽታዎች አይመጣም። እንግዲህ ወጥመዱ ባዶ ሆነ ማለት ማሳው ደኅና ነው ማለት አይደለም።

በሰላማዊ ውቅያኖስ ባለችው በሮታ ደሴት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የእስያው ዝንብ በሜቲል ዩጂኖልና በመርዝ ጠፍቷል። ይህ የሆነው መድኃኒቱ በመላው ደሴት ላይ በአውሮፕላን ስለ ተበተነ ነው። የእናንተን ማሳ ግን ባሕር አልከበበውም፤ ዝንቡ ከጎረቤት ጓሮ ይመጣል። ስለዚህ ሁላችሁም በአንድነት ይህን አድርጉ፦

1ኛ/ የወደቀውንና የተወጋውን ፍሬ በሳምንት ሁለት ጊዜ ልቀሙ።

2ኛ/ ጥልቀቱ ከግማሽ ሜትር በማያንስ ጉድጓድ ቅበሩት፤ ወይም በጠንካራ ፌስታል ቋጥራችሁ ፀሐይ ላይ አቆዩት። ወደ ፍግ ክምር ከቶ አትጣሉት።

3ኛ/ ከእርሾ የተሠራ የፕሮቲን ማባበያ ከተገኘ፣ ባለሙያ ባሳያችሁ መጠን አበባውን ሳትነኩ በየቦታው ጥቂት ጥቂት አድርጉ። ሴቷ እንቁላሏን ለማዳበር ፕሮቲን ስለምትሻ ወደዚህ ትመጣለች።

4ኛ/ ሳቢውን መድኃኒት በባዶ እጅ አትንኩ፤ ከልጆችም አርቁት።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፣ በወጥመድ የተያዘውን ዝንብ በየሳምንቱ ቁጠሩና መዝግቡ። ቁጥሩ መጨመር ሲጀምር ለገበሬው ፈጥናችሁ ንገሩ፤ የወጥመዱ ዋና ጥቅም ይህ ነው። ማሳውን የሚያድነው ግን ጉድጓዱ ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና፣ የተበላሸውን ፍሬ ሁሉም በየጓሮው ከቀበረ ሥራው ይቀላል። ያማረው ዱባችሁ ውስጡም ያማረ ይሁንላችሁ።