ሥራ ለሚበዛበት ሰው ስለ ጤና አጠባበቅ

ለመንደር ትምህርት ቤቶች መምህራንና ለአገር ሽማግሎች የተሰጠ ንግግር



ጤና ከሀብት ሁሉ የሚበልጥ ሀብት መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ሰው ይህን ሀብት በእጁ ሳለ አይቈጥረውም፤ ከእጁ ከወጣ በኋላ ላምና በሬውን ሸጦ ይፈልገዋል። «ስለ ጤናህ ለምን አታስብም?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ ይኸውም «ጊዜ የለኝም» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም። ጊዜ የሌለው ሰው በእውነት ጊዜ የለውም፤ ስለዚህ በሥራው ላይ ሌላ ሥራ ጨምር ብሎ መምከር ከንቱ ነው። የሚጠቅመው ምክር ሌላ ነው፤ ይኸውም ዛሬ በሚሠራው ሥራ፣ በሚሄድበት መንገድና በሚበላው ማዕድ ውስጥ ጥቂት ነገር ብቻ እንዲለውጥ ነው።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ በስተጀርባ በጎጃም መንገድ ሆነው በአዲስ አበባ ዙሪያ ይገኛሉ፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ ውስጥ ተካተዋል። በነዚህ ከተሞች የሚኖር ብዙ ሰው የዕለት እንጀራውን የሚያገኘው በአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ ዶሮ ሲጮኽ ይነሣል፤ ቁርሱን ሳይቀምስ ወደ መሳፈሪያው ይሮጣል፤ ተራውን ጠብቆ ከተሳፈረ በኋላም መንገዱ በመኪና ብዛት ስለሚጨናነቅ ብዙ ጊዜ ተቀምጦ ይቈያል። የሰበታው ሰው በአየር ጤና፣ የቡራዩው በአስኮ፣ የሱሉልታው በአዲሱ ገበያ በኩል ገብቶ ከሥራው ሲደርስ ደግሞ በወንበር ላይ ይውላል፤ ማታም እንደ አመጣጡ ተቀምጦ ይመለሳል። ደክሞት ይገባል፤ ነገር ግን የደከመው አሳቡ ነው እንጂ እግሩ አይደለም።

አባቱ በዚያው አገር በሬ ጠምዶ ሲያርስ ይውል ነበር፤ ገበያም ሲወርድ አህያውን እየነዳ በእግሩ ይሄድ ነበር። ስለ ጤናው ብሎ አንዲት እርምጃ አልተራመደም፤ ሥራው ራሱ ያራምደው ነበር እንጂ። ልጁ ከአባቱ ድካም ዐረፈ፤ ከድካሙ ጋር ግን ከድካሙ ይገኝ የነበረውን ጥቅም አጣ። ይህን ማለት የቀድሞው ዘመን ይሻል ነበር ማለት አይደለም፤ በዚያ ዘመን ፈንጣጣና ተስቦ ስንቱን ቤት እንደ ዘጉ ሽማግሎች ያውቃሉ። ነገር ግን የበሽታው ዓይነት ከኑሮው ጋር ስለ ተለወጠ ጥንቃቄውም አብሮ ሊለወጥ ይገባዋል።

ዛሬ በከተማና በከተማ ዳር የሚኖረውን ሰው ከሚያስፈሩት በሽታዎች አንዱ በሕዝብ ዘንድ ደም ብዛት የሚባለው ነው። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት ሰዎች ከመቶው 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከልክ ያለፈ ሆኖ ተገኝቷል። የዚህ በሽታ ክፋቱ ዝምታው ነው። ወባ ሰውን ያንቀጠቅጠዋል፤ ቍስል ያመዋል፤ ደም ብዛት ግን ለብዙ ዓመታት ምንም ምልክት ሳያሳይ ልብን፣ ኩላሊትንና የአንጎልን የደም ሥር ይጎዳል። ከዚያም ጤነኛ ነኝ ሲል የኖረው ሰው በአንድ ማለዳ ግማሽ አካሉ ዝሎ፣ አንደበቱ ተሳስሮ ይገኛል። ያን ቀን የሚወድቀው እርሱ ብቻ አይደለም፤ የልጆቹ ትምህርትና የቤቱ ኑሮ አብሮት ይወድቃል። ጊዜ የለኝም ያለው ሰው እንግዲህ በአልጋ ላይ ሳይወድ ብዙ ጊዜ ያገኛል።

መጀመሪያው ለውጥ ስለ እግር ነው። በኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1953 ዓ.ም. ጄሪ ሞሪስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪምና ጓደኞቹ ስለ ለንደን አውቶቡስ ሠራተኞች የመረመሩትን አሳተሙ። በአንድ አውቶቡስ ላይ ሁለት ሰዎች ይሠሩ ነበር፤ ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል፤ ቲኬት የሚቈርጠው ግን በሁለቱ ፎቅ መካከል ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱ የሚውሉት በአንድ መኪና ላይ ነው፤ የሚሄዱትም በአንድ መንገድ ነው፤ ሆኖም በልብ በሽታ ይበልጥ የተጎዱት ሾፌሮቹ ሆነው ተገኙ። ቲኬት ቈራጩ ስለ ጤናው ብሎ የተለየ ጊዜ አልመደበም፤ የጠቀመው በሥራው ውስጥ የነበረው ደረጃ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ቢያደርግ ይጠቅመዋል ይላል፤ ፈጠን ብሎ መራመድም ከዚህ ይቈጠራል። ቊጥሩ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል፤ ሲያሰሉት ግን እንዲህ ነው። ሰው ጠዋት ከሥራው ቦታ በፊት ባለው ፌርማታ ወርዶ 15 ደቂቃ ቢራመድ፣ ማታም ሲመለስ 15 ደቂቃ ቢራመድ በቀን 30 ደቂቃ ይሆናል፤ በአምስት የሥራ ቀን 150 ደቂቃ ሞላ። መንገዱ በመኪና በተዘጋበት ሰዓት ደግሞ በእግሩ የሄደው በመኪና ከተቀመጠው ብዙ ላይዘገይ ይችላል። የእግረኛ መንገድ በሌለበት ስፍራ ግን መኪናው ከፊት ለፊቱ ሲመጣ በሚያይበት ወገን ይሂድ፤ ሲራመድ ደረቱን የሚያመው ወይም ትንፋሽ የሚያጥረው ሰውም አስቀድሞ ሐኪም ይጠይቅ።

ለዚህ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አበበ ቢቂላ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበረ፤ ለብዙ ዓመታትም ከሱሉልታ ኮረብታዎች እስከ አዲስ አበባ በየቀኑ 20 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ይመላለስ እንደ ነበር በታሪኩ ተጽፏል። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮም ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን ያሸነፈው ይህ ሰው ነው። እንደ አበበ ይሮጥ ዘንድ ማንም አይጠየቅም። ነገር ግን ዛሬ ብዙ ሰው እየተማረረ የሚያልፍበት መንገድ ለእግር ብርታት የሚሰጥ መንገድ እንደ ሆነ ከእርሱ መማር ይቻላል።

ሁለተኛው ለውጥ ስለ ማዕድ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ጥናት ሰው በቀን የሚበላው ጨው በአማካይ 8.3 ግራም ሆኖ ተገኝቷል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም በታች፣ ማለት ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ነው። ጨው በብዙ ቤት ሦስት ጊዜ ይገባል፤ በርበሬው ሲዘጋጅ፣ ወጡ ሲሠራና በማዕድ ላይ ሲነሰነስ። ቤተ ሰቡ አስቀድሞ ከማዕድ ላይ ያለውን ጨው ያንሣ፤ ቀጥሎም በወጡ ውስጥ የሚገባውን በየሳምንቱ በጣት ቊንጥር ይቀንስ። ምላስ የለመደውን ይወድዳልና በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያነሰውን ጨው ይለምዳል፤ በድንገት የተለወጠ ወጥ ግን ጠብ ያስነሣል። ደጋ አገር እንቅርት የሚበዛበት ስለ ሆነ ጨው ሲገዛ አዮዲን ያለበት መሆኑን ማየት አይረሳ፤ የሚቀንሰው መጠኑ ብቻ ነው።

ስለ ስኳርም እንዲሁ ነው። አቦል፣ ቶናና በረካ ለጠጣ ሰው በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ቢገባ በአንድ የቡና ሥርዓት ስድስት ማንኪያ ጠጣ ማለት ነው። ይህም ወደ 25 ግራም የሚጠጋ ሲሆን የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ ሰው ለሙሉ ቀን ይሻላል ከሚለው ጋር የተካከለ ነው። በላዩ ላይ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከተጨመረ ልኩ እጅግ አለፈ። ቡናን መተው አያስፈልግም፤ በየስኒው አንዱን ማንኪያ ማስቀረት ይበቃል።

ጾም የሚጾም ሰው በዓመቱ ውስጥ ብዙ ቀን ምስር፣ ሽሮና ጎመን ስለሚበላ ለጤና የሚስማማ ማዕድ በእጁ አለ። ነገር ግን የጾሙን ወጥ በዘይትና በጨው አብዝቶ የሠራ፣ ከፋሲካም በኋላ የ55ቱን ቀን በአንድ ሳምንት ሊክስ የሚሻ ሰው ያገኘውን ጥቅም ራሱ ያጠፋዋል። መድኃኒት የሚወስድ ሰው አጿጿሙን ከሐኪሙና ከንስሐ አባቱ ጋር ይመክርበት።

እስካሁን የተነገረው ተቀምጦ ለሚውል ሰው ነው። በየቤቱ ያለችው እናት ግን ነገሯ ሌላ ነው። እርስዋ ከሁሉ ቀድማ ትነሣለች፤ ቧንቧው በተቋረጠ ቀን ጀሪካን ተሸክማ ትወጣለች፤ ጋግራ፣ አጥባ፣ ሸጣ ከሁሉ ኋላ ትተኛለች። ለእንዲህ ያለች ሴት ተራመጂ ብሎ መምከር ሰውነትዋን አለማወቅ ነው። የጐደላት ዕረፍትና ንጹሕ አየር ነው። የማገዶና የኩበት ጭስ ዓይንን ብቻ የሚያቃጥል ይመስላል፤ ነገር ግን ሳንባንና ልብን ይጎዳል፤ በጀርባዋ ያለውን ሕፃንም እንዲሁ። ስለዚህ ምድጃው ከተቻለ ወደ ደጅ ይውጣ፤ ካልተቻለ በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ በላይኛው በኩል መስኮት ይከፈት፤ ማገዶውም አስቀድሞ ይድረቅ።

ከዚህም በላይ ባልና ሚስት ሊያስተውሉት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ባል እንቅስቃሴ ጐድሎት ይታመማል፤ ሚስት ዕረፍት ጐድሏት ትታመማለች። ቅዳሜና እሑድ ባል ጀሪካኑን ቢያነሣ፣ እንጨቱን ቢፈልጥ፣ የጓሮውን ጎመን ቢኰተኵት፣ እርስዋም ያን ጊዜ ብትቀመጥ በአንድ ሥራ ሁለት ሰው ይጠቀማል። ይህ ለውጥ ገንዘብ አያስከፍልም፤ የሚያስከፍለው ጥቂት ኩራት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ለውጥ ስለ እንቅልፍ ነው። አዋቂ ሰው በሌሊት ሰባት ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ በላይ መተኛት ይገባዋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ለመነሣት የተገደደ ሰው እንግዲህ በ4 ሰዓት ሊተኛ ያስፈልገዋል። ብዙዎች ግን ደክመው ከገቡ በኋላ በስልክና በቴሌቪዥን እስከ ስድስት ሰዓት ይቈያሉ፤ የተወሰደባቸውን ቀን ከሌሊቱ ሊመልሱ ይፈልጋሉ። አሳባቸው የሚያሳዝን ነው፤ ዕዳውን የሚከፍለው ግን ሰውነታቸው ነው። ስልኩ ከመኝታው ራቅ ብሎ ቢቀመጥ፣ እራትም ከመተኛት አስቀድሞ ቢበላ ሌሊቱ ይረዝማል።

አራተኛው ለውጥ ስለ መለካት ነው። ደም ብዛት ዝም የሚል በሽታ ስለ ሆነ ሊናገር የሚችለው መሣሪያው ብቻ ነው። ልኬቱ ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅና የማያሳምም ነው። ዕድሜው ከ30 ዓመት ያለፈ ሰው ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ በጤና ጣቢያ ቢለካ መልካም ነው፤ በልዩ ልዩ ቀን ተለክቶ የላይኛው ቊጥር 140 ወይም የታችኛው 90 የደረሰ ወይም ያለፈ ከሆነ ከሐኪም ጋር ሊመክር ይገባዋል። መድኃኒት የታዘዘለትም ሰው ተሻለኝ ብሎ በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ፤ የተሻለው መድኃኒቱን ስለ ወሰደ ነው። ጠበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ሊተው አያስፈልገውም፤ ሁለቱ እርስ በርሳቸው አይጣሉምና።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ልፈጽም የሚል ሰው በሳምንቱ ሁሉን ይተዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፣ በአንድ ወር አንዱን ብቻ ይያዝ፤ እርሱ ልማድ ሲሆን ወደ ሁለተኛው ይለፍ። የያዘውንም ነገር አስቀድሞ ካለው ልማድ ጋር ያያይዘው፤ እርምጃውን ከፌርማታው ጋር፣ ስኳሩን ከስኒው ጋር፣ መለካቱንም ከዓመቱ መጀመሪያ ወር ከመስከረም ጋር። እንዲህ የተያያዘ ነገር በቀላሉ አይረሳም።

መምህራን ይህን ለልጆች በሒሳብ ትምህርት ሊያስተምሩት ይችላሉ። ልጁ በቤቱ በየቀኑ ስንት ማንኪያ ስኳር እንደሚገባ፣ አንድ ኪሎ ጨው ስንት ቀን እንደሚቈይና ለስንት ሰው እንደሚከፋፈል ያስላ፤ ቊጥሩን ለእናትና ለአባቱ ያሳይ። የጎረቤትን ምክር የማይሰማ አባት የልጁን ደብተር ያያል።

ሽማግሎች ደግሞ ዕድር በእጃቸው አለ። ዕድር ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክል፣ ገንዘብ የሚያዋጣ፣ ኀዘንተኛውን የሚያጽናና መልካም ማኅበር ነው። እንግዲህ ይህ ማኅበር በዓመት ሁለት ጊዜ በስብሰባው ቀን ከጤና ጣቢያ አንድ ባለሙያ ለምኖ ቢያስመጣ፣ አባላቱም መዋጮአቸውን ለመክፈል ሲሰለፉ ክንዳቸውን ቢያስለኩ፣ ዝምተኛው በሽታ ሳይቀድማቸው ሊያገኙት ይችላሉ። የሟቹን ስም ከመዝገብ ለመሰረዝ የሚሰበሰቡ ሰዎች ሕያዉን በመዝገቡ ላይ ለማቈየትም ሊሰበሰቡ ይገባል። የሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ የሚውልበት ቀን በየመንደሩ የታወቀ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት አንድ ሽማግሌ ወደ ጤና ጣቢያው ሄዶ ቢጠይቅ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።