የአራዊት ሰምና ወርቅ

በከሚሴ ለደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ቃል



ፊሳልጎስ የሚባለው መጽሐፍ አስቀድሞ በጽርእ ቋንቋ ተጻፈ። የስሙም ትርጓሜ የፍጥረትን ጠባይ የሚናገር ማለት ነው። በአክሱም ዘመን ወደ ግእዝ ተመለሰ፤ እንዲሁም በሱርስት፥ በአርመንና በላቲን ተተረጐመ። የግእዙን ንባብ ፍሪትስ ሆመል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1877 በላይፕሲግ አሳተመው።

መጽሐፉ ስለ እባብ ሲናገር፥ ባረጀ ጊዜ ዓይኑ ይፈዛል፤ 40 መዓልትና 40 ሌሊት ይጾማል፤ ቆዳው ሲላላ በጠባብ ስንጥቅ ሾልኮ አሮጌውን ይጥላል ይላል። ሰሙ ይህ ነው። ወርቁም፥ አንተም ሥጋህን በጾም አድክመህ በጠባቡ በር ግባ፥ አሮጌውን ሰው አውልቅ ማለት ነው።

ደግሞ የአንበሳ ደቦል ሞቶ ይወለዳል፥ በ3ኛው ቀን አባቱ እፍ ሲልበት ይነሣል ይላል። በዚህ ተማሪዎች ልጆቻችን ይስቃሉ፤ ደቦል በሕይወት እንዲወለድ ያውቃሉና። እውነታቸውን ነው፤ ልንቈጣቸው አይገባም። ነገር ግን አንጥረኛ ሰሙን የሚያቀልጠው ወርቁ በስፍራው እንዲገባ ነው። እኛም ትንሣኤን ያመንነው ከአንበሳ ተምረን አይደለም፤ ስላመንን በአንበሳ መሰልነው እንጂ።

በከሚሴ ገበያ አማርኛና ኦሮምኛ አብረው ይውላሉ። ጽርእ የማይሰሙ አባቶቻችን በግእዝ እንደ ተማሩ፥ ግእዝ የማይሰማ ልጅም በሚሰማው ቋንቋ ሊማር ይገባዋል። እንግዲህ ካህናት ሆይ፥ ምሳሌውን በነገራችሁት ጊዜ ትርጓሜውን አትንፈጉት።