አንድ ሜትር ኩብ ስንት ጀሪካን ነው?

እሱ፦ ተማሪዎቻችን «ወደ ትንሹ ስትሄድ አባዛ፣ ወደ ትልቁ ስትሄድ አካፍል» የሚለውን በቃላቸው ይዘውታል። ታዲያ አንድ ካሬ ሜትር ስንት ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው ሲባሉ ብዙዎቹ ለምን 100 ይላሉ?

እሷ፦ ሕጉን እንጂ ስፋቱን ስላላዩት ነዋ! መምህሩ ወለሉ ላይ በጠመኔ አንድ ካሬ ሜትር ያሰምራቸው። አንዱ ጎን 100 ሳንቲ ሜትር፣ ሌላውም 100። ሲያባዙት 10,000 መሆኑን ራሳቸው ይደርሱበታል።

እሱ፦ ክፍሉ በተማሪ ከተጨናነቀስ? ክፍለ ጊዜውም አጭር ነው።

እሷ፦ ይገባኛል፤ መምህራኑ ላይ መፍረድ አልፈልግም። ለይዘት ግን የውሃ ቢል ይበቃል። ቢሉ የሚቆጥረው በሜትር ኩብ ነው፤ አንዱ ሜትር ኩብ 1,000 ሊትር። ባለ 20 ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን ስንት ጊዜ ይሞላል?

እሱ፦ 50 ጊዜ!

እሷ፦ አየህ፣ ውሃ ቀድታ የምታውቅ ልጅ 50 ጀሪካን ምን ያህል እንደሆነ አይጠፋትም። ተሳስታ 5 ብላ ብትጽፍ ስህተቱ ለራሷ ይታያታል። እኔ ከመለኪያ መቀየሪያው ሰንጠረዥ በፊት ይህ ግምት እንዲቀድም ነው የምፈልገው።

እሱ፦ የፈተና ጥያቄውም በዚሁ መንገድ ይውጣ፤ አለበለዚያ ልጆቹ ወደ ሽምደዳው ይመለሳሉ።